ለጥላ የተተወ አራት ጣት

የሰፈሩ ሰው እትዬ ሜትር ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት የሚያስታውስ የለም፤ ምክንያቱ ግን ዓይን ላለው ሁሉ ግልጽ ነው። ያ ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ገበያም ስትሄድ አንገቷ ላይ፣ ሐኪም ቤትም ስትሄድ አንገቷ ላይ። አንዴ ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ ሐኪሙ፣ «እናት፣ እሱን ያውልቁና አፍዎን ይክፈቱ» ቢላት፣ «ምነው፣ አፌን በራስህ ሜትር ልትለካው ነው?» ብላ ነርሷን በሳቅ የያዘችውን አስጥላታለች ይባላል። ያኔ ጨዋታ ነበራት። ዛሬ የለም።

ወደዚህ ሰፈር የመጣችው የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው፤ ከባሏ ጋር፣ ሴት ልጇን አዝላ። ያኔ ሰፈሩ ሰፈር አልነበረም። አውቶቡሱ መጨረሻው ላይ ያወርዳቸውና ሹፌሩ፣ «ከዚህ ወዲያ ዓለም አልቋል፣ የቀረውን በእግራችሁ ጨርሱት» ይላል። ጭቃው ጫማ ይውጥ ነበር። ሴቱ ሁሉ ከቤት ሲወጣ ሁለት ጫማ ይዞ ነው፤ አንዱ ለጭቃው፣ አንዱ ለሰው ፊት። መሐል ከተማ ሥራ ሲጠይቁ አድራሻውን የሰማ ሁሉ ቅንድቡን ያነሣል። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ።

ባሏ አናጢ ነበር። ከቤቱ በፊት መስኮቱን ነው ያገኘው። ከፈረሰ ትምህርት ቤት የተነቀለ፣ ባለ ስድስት መስታወት፣ የሰው ቁመት የሚያህል መስኮት በትከሻው ተሸክሞ አመጣና ግድግዳውን በመስኮቱ ልክ አቆመው። ወደ ደቡብ አዞረው። የስፌት መኪናዋን ከሥሩ አስቀመጠላትና፣ «ወርቅ ባልገዛልሽ ፀሐይ አስገባሁልሽ» አላት። በዚያች በአንድ ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲመጻደቅባት ኖረ። ሲጣሉ እንኳ፣ «በይ ፀሐዬን መልሺልኝና ልሂድ» ይላታል። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያቺ መስኮት ናት ቤቱን ቤት ያደረገችው። ልብስ ሰፊ ያለ ብርሃን ምን ትሠራለች? ጥቁሩን በጥቁር ክር መዘምዘም፣ የተቀደደውን ሱፍ እንዳይታወቅ አድርጎ መጣፍ፣ ይኼ ሁሉ የቀን ሥራ ነው። በሙቀቱ ወራት ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትውል መስኮቱ ደፍ ላይ ብቻ ቁጭ ብላ ትሄዳለች። ብርዱ ሲመጣ ግን እንደ ቅርብ ዘመድ ጎንበስ ብላ ትገባና እስከ አልጋው እግር ትዘልቃለች። ያኔ እትዬ ሜትር መኪናዋን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስባ፣ ጉልበቷን እያሞቀች ትሰፋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይኼንን አይታለች። ማየትና ማወቅ ግን ለየቅል ነው።

ብዙውን ጊዜ የምትሰፋው የተማሪ ልብስ ነበር። ሙያውን ያስተማረቻት አሮጊት፣ «ልጅ ስትለኪ ዛሬን አትለኪ፤ የሚመጣውን ዓመት ለኪ» ትላት ነበር። ስለዚህ ከሱሪው ጫፍ አራት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ልጁ ሲረዝም ያ አራት ጣት ተተርትሮ ይለቀቃል። ወላጅ ሳይጠይቃት ነው የምታደርገው፤ እጇ ለምዶታል፣ እንደ መተንፈስ።

ከልጆቹ ሁሉ ያስቸገራት ከአጥሩ ማዶ የነበረችው የጎረቤቷ የባልቴቷ የመጨረሻ ልጅ ነው። እንደ ሸንበቆ ይመዘዝ ነበር። ለሌላው ልጅ ሁለት ዓመት የሚበቃው አራት ጣት ለሱ ስድስት ወር አይቆይም። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱን ትቶ ወደ ጉልበቱ ሲወጣበት ሰፈሩ «ቁምጣው» አለው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። እናቱ እጅ አጥሯት ስለነበር እትዬ ሜትር ለሱ ብቻ ስድስት ጣት ማጠፍ ጀመረች።

«አንቺ፣ ሱሪ ነው ወይስ መጋረጃ የሰፋሽለት?» ትላለች ባልቴቷ ከአጥሩ ማዶ።

«ዝም በይ፣ ይኼ ልጅሽ አንድ ቀን ፎቅ ያህላል» ትላታለች እትዬ ሜትር።

አፍ ክፉ ነው።

ከዚያ ሰፈሩ ተነሣ። መጀመሪያ አስፋልቱ መጣ። አስፋልቱን ተከትሎ ፋርማሲ፣ ፋርማሲውን ተከትሎ የመስታወት በር ያለው ዳቦ ቤት፣ ከዚያ ካፌ፣ ከዚያ ሰው ከፍሎ ባለበት የሚሮጥበት ጂም። እትዬ ሜትር በጂሙ መስታወት አሻግራ አየችና፣ «እነዚህን ሰዎች ማን እያሳደዳቸው ነው?» አለች። አውቶቡሱም ዓለም ከሚያልቅበት አልፎ በራቸው ድረስ መጣ። ዱሮ አድራሻው የሚያሳፍር ሰፈር፣ አሁን ሰው ደረቱን ነፍቶ «እዚያ ነኝ» የሚልበት ሆነ።

ልጇ ፋርማሲው ውስጥ ተቀጠረች። «እማዬ፣ ሰፈራችን እኮ ታወቀ!» ትላለች ማታ ስትገባ።

«ታወቀ። እኛን የሚያውቀን ነው ያነሰው።»

እውነቷን ነው። ጭቃውን አብረዋት ያቦኩት ሰዎች አንድ በአንድ ቤታቸውን እየሸጡ ወደ ሌላ ጭቃ ሄዱ። ባልቴቷም ሞተች። ከአጥሩ ማዶ የሚጠራት ድምፅ ጠፋ።

ቁምጣው የመጣው ይኼን ጊዜ ነው፤ ኢንጂነር ሆኖ፣ መኪና ይዞ፣ ሱሪው ልኩን ጠብቆ ጫማው ላይ ተኝቶ። እትዬ ሜትር ከፊቱ በፊት ያየችው ሱሪውን ነው።

«ማን ሰፋልህ?» አለችው ገና ሳትስመው።

«ተገዝቶ ነው፣ እትዬ።»

«እጥፋት አለው?»

«ከእንግዲህ አላድግ፣ ምን ያደርግልኛል?»

ሳቁ። ተሳሳሙ። ስለ እናቱ ትንሽ ተላቀሱ። ሻይ ከቀረበለት በኋላ ነገሩን አወጣው። የእናቱን ቤት አፍርሶ አጥሩ ሥር ባለ ሦስት ፎቅ ሊሠራ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ አጥር የሚጋራው ጎረቤት ካልፈረመ አልፈቅድም ብሏል።

«እርስዎ ካልፈረሙ አንድ ጡብ አላነሣም፣ እትዬ። እናቴ ብትኖር ከርስዎ ጋር እንዳትጣላ ነው የምትለኝ» አለ።

ሆዷ ባባ። ቢሆንም ሞኝ አልነበረችም፤ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ፀሐዬንስ?»

«ፀሐይዎ ምን ሆነች?»

«ፎቅህ ይከልልብኛላ!»

«እንግዲህ...» ብሎ ጭንቅላቱን አከከ።

«ቆይ፣ መለካት የኔ ሥራ ነው» ብላ ተነሣች።

እኩለ ቀን ነበር፤ ያውም ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ወር። የልብስ ማስጫ ገመዱን የሚደግፈውን እንጨት ነቅላ ግቢው መሐል ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ሁለት ሜትር ነው። ጥላውን ለካች፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት።

«ፎቅህ ስንት ሜትር ይቆማል?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«ስድስት እንጨት ማለት ነው።»

ያንን ጥላ ስድስት ጊዜ ከአጥሩ ወዲህ ዘረጋችው። በልብስ ጠመኔዋ መሬቱ ላይ መስመር ጣለች። ከመስመሩ እስከ መስኮቱ ሦስት ሜትር ተርፏል። ልማዷ ነውና በላዩ አራት ጣት ጨመረችበትና ሁለተኛ መስመር ጣለች፤ ጠመኔው ቢጠፋ ብላም ድንጋይ ቀበረችበት።

«ይቺ ደግሞ ለሚያድገው» አለች እየሳቀች።

ቁምጣው በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ያያታል። አፉን ከፈተ። ከዚያ ሻዩን ጠጣበት።

«ልክ ነው?» አለችው፣ ከጉልበቷ ላይ አቧራ እያራገፈች።

«በዛሬው ፀሐይ ልክ ነው፣ እትዬ።»

ፈረመች። የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊርማዋ ግን ያምራል፣ እንደ ጥልፍ።

ሥራው ተጀመረ። የሲሚንቶው አቧራ የታጠበ ልብስ ላይ ሲያርፍ እንደገና አጠበች። ድንጋይ ሲወርድ ብርጭቆዋ መደርደሪያው ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ «ይሁን፣ የልጃችን ነው» አለች። ሠራተኞቹ የቀደዱትን ሱሪ ጣፈችላቸው። ዝናቡ መጣ፤ በዝናብ ፀሐይ ለማንም የለችምና ምንም አልታወቃትም። ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሕንጻው ጣሪያው ላይ ደርሶ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልብስ ልታሰጣ ግቢ ወጣች። ጥላው ድንጋዩን አልፎ ተኝቷል።

መጀመሪያ ፎቅ የጨመሩባት መሰላት። በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። ሦስት ነው፤ አልጨመሩም። ፎርማኑን ጠራችው።

«ይኼ ነገር ገና ያድጋል እንዴ?»

«ምኑ ነው የሚያድገው፣ እማማ? ጣሪያውን እኮ ጨርሰናል።»

«ጥላው!»

«እኔ የማውቀው ሲሚንቶ ነው፣ እማማ። ጥላ ለማን እንደሚከፈልበት አላውቅም» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

በሳምንቱ ጥላው አንድ ክንድ ወዲህ መጣ። ከዚያ ግድግዳው ሥር ደረሰ። ከዚያ እንደ ጎርፍ ውሃ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፤ የታችኞቹን ሁለት መስታወቶች፣ ቀጥሎ የመሐለኞቹን። ብርዱ በገባ በሃያ ቀኑ ስድስቱም ጠቆሩ።

እንደዚያኛው ቀን በእኩለ ቀን ያንኑ እንጨት ነቀለች። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስለሌለ አስፋልቱ ዳር ወስዳ አቆመችው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል። ለካች። ሜትር ከሠላሳ። እንደገና ለካች፤ ሜትር ከሠላሳ።

ያኔ ነው የገባት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በብርዱ ጎንበስ ብላ ስትገባላት የኖረች ፀሐይ! ጎንበስ ብሎ የሚመጣን ግድግዳ ቀድሞ እንደሚይዘው እንዴት ሳታስብ ቀረች? ለሰው ልጅ ሁሉ የሚመጣውን ዓመት ስትለካ የኖረች ሴት፣ ለራሷ ሲሆን ዛሬን ለካች። ቀጥሎ ደግሞ ያ የተከፈተ አፍ ትዝ አላት። ያ ሻይ። «በዛሬው ፀሐይ።»

ልጇ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት ገዝታ አመጣች። «ይኼ እኮ ከፀሐይ ይበልጣል፣ እማዬ። ባለ ነጭ ብርሃን ነው።»

ነጭስ ነጭ ነበር። ግን በሱ ሥር ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ እንደ መንትያ አንድ ይሆናሉ። ሃያ ዓመት ደንበኛዋ የነበረች መምህርት ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ቀሚሷ ጎኑ ተቀዶባት ይዛ መጣች። እትዬ ሜትር አሳምራ ሰፋችው፤ በመብራቱ አገላብጣም አየችው። በነጋታው መምህርቷ ተመለሰች። እጇን ይዛ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ፀሐዩ አወጣቻትና ጎኑን አሳየቻት። ሰማያዊው ሱፍ ላይ ጥቁር ክር እንደ ጠባሳ ተጋድሟል።

«ግድ የለም፣ እትዬ። ከላይ ሹራብ አደርግበታለሁ» አለች መምህርቷ።

ብትቆጣት ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ መምህርቷ ሰላምታ ትሰጣታለች፤ ልብስ ግን አትሰጣትም። ሌላውም እንዲሁ ሆነ። ሰው ሳይጣላት ራቃት።

የካፌው ባለቤት አንድ ቀን ደጇ ቆመ፤ ጺሙን ያሳመረ ጎልማሳ ነው።

«እማማ፣ ይቺን አሮጌ መስኮት አይሸጡልኝም? ካፌው ግድግዳ ላይ ልሰቅላት ነው።»

«ግድግዳ ላይ? ከኋላዋ ምን ይታይባታል?»

«ምንም። ለማማር ነው እንጂ!»

«እዚህም ምንም አይታይባትም። ግን ባሌ ነው የተሸከማት» አለችና በሩን ዘጋች።

በዚያው ሳምንት ወደ ቁምጣው ሄደች። ሕንጻው ምድር ቤት ውስጥ፣ ቀለሙ ያልደረቀ ቢሮ ውስጥ አገኘችው።

«እትዬ! ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ያን ቀን እንጨቱን ሳቆም፣ ጥላው በብርድ እንደሚረዝም ታውቅ ነበር?»

እስክሪብቶውን ከደነው። ከፈተው። ከደነው።

«እትዬ፣ ብነግርዎት ኖሮ ይፈርሙ ነበር?»

«አልፈርምም።»

«እንግዲያውስ» አለ።

ይኼው ነው። አልዋሸም፣ አልሰረቀም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ቢዋሻት ኖሮ ረግማው ቤቷ ትገባ ነበር። ዓይኗ ሳታስበው ወደ ሱሪው ጫፍ ወረደ።

«ስድስት ጣት ነበር የማጥፍልህ» አለችው።

«አልረሳሁም፣ እትዬ። ውለታዎ አለብኝ። ለዚህም ነው የሕንጻውን መጋረጃ ሁሉ ለሌላ ያልሰጠሁት፤ ለርስዎ ነው ያስቀመጥኩት። ዐሥራ ስድስት መስኮት ነው።»

መስኮቴን ደፍነህ የመስኮትህን መጋረጃ ስፊ ትለኛለህ ልትለው ነበር። ምላሷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቤቷ ውስጥ አንድ የሚሰፋ ጨርቅ አልነበረም፤ መኪናዋም ዘይት መጠጣት ካቆመ ሰንብቷል።

«መስኮቱን ራሴ እለካለሁ» ብቻ አለች።

ጨርቁ ያልታጠበ ጥጥ ነበር። እንዲህ ያለ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት እንደሚሰበሰብ ሰፊ ሁሉ ያውቃል፤ ተከራይ አያውቅም። እትዬ ሜትር ጨርቁን አልጋዋ ላይ ዘርግታ አሰበችበት። ልክ በልክ ትቆርጠዋለች። አንድ ጣት እንኳ አታተርፍም። ሲታጠብ ሽቅብ ይውጣ፤ ቁምጣ ይሁን! «ቢጠይቁኝ፣ በዛሬው ጨርቅ ልክ ነው እላለሁ» አለች ለብቻዋ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች።

በጠመኔዋ ልኩን መስመር ጣለች። መቀሱን አስገባች። ጨርሳ ሜትሯን ስትዘረጋበት መቀሱ ከመስመሩ አራት ጣት ወርዶ ነው የሄደው። ሁለተኛውን ጨርቅ ዘረጋች፤ ጥርሷን ነክሳ ቆረጠች። አራት ጣት። ሦስተኛውንም። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ቂም አያውቅም፤ እሷ የተቀየመችውን እጇ አልሰማም።

«ቱ! የማትረባ!» አለችው እጇን። የቀሩትን ዐሥራ ሦስቱን ዝም ብላ ቆረጠች።

መጋረጃዎቹን ልትሰቅል የወጣችበት ቀን ብርዱ የጠናበት፣ ሰማዩ የጠራበት ቀን ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አዲስ የገባች የባንክ ሠራተኛ በሩን ከፈተችላት። ወደ ሳሎኑ ሲያልፉ በኩሽናው ትንሽ መስኮት በኩል ታች፣ ጥላ ውስጥ፣ አንድ የዛገ ቆርቆሮ ታየ። የራሷ ጣሪያ ነው። ከላይ ሲያዩት ይኼን ያህል ያንሳል ብላ አስባ አታውቅም።

«እማማ፣ ኧረ በጀመሩበት እጅዎ ገበር ይጨምሩልኝ!» አለች ልጅቱ የሳሎኑን በር እየከፈተች። «ይቺ ፀሐይ እኮ አስመረረችኝ። ሶፋዬን አነጣችብኝ፤ ቴሌቪዥን እንኳ አያሳይም።»

እትዬ ሜትር በሩ ላይ ቆመች። ፀሐይዋ በትልቁ መስኮት ጎንበስ ብላ ገብታ እስከ ሶፋው እግር ድረስ ዘልቃለች። ያንኑ አገባቧን፣ ያንኑ አተኛኘቷን አወቀችው። እዚህ ነሽ እንዴ ልትላት ምንም አልቀራት።

«ገበሩን እዚሁ ልዘምዝመው?» አለች፣ ልጅቱ ገዝታ ያስቀመጠችውን ጥቁር ጨርቅ እያነሣች።

«በእጅዎ? ይቆይብዎታል እኮ!»

«ይቆይ።»

መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጥላው ከመጣ ወዲህ ቤቷ ክር የምታስገባላት ልጇ ነበረች፤ ማታ ከሥራ እስክትመለስ መርፌዎቹ ተሰልፈው ይጠብቋታል። እዚህ ክሩን ምራቋ ላይ አሳለፈችና መርፌዋን ቀና አደረገች። ባንድ ጊዜ ገባ። ጥቁር ሰማያዊው ክር ጥቁር ሰማያዊ ነበር፣ ጥቁሩም ጥቁር። ጉልበቷ ሞቀ። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ቀስ ብላ ዘምዝማ አታውቅም፤ አንዱን ስፌት ወግታ ሌላውን እስክትወጋ አንድ ሰው ደረጃ ይወርዳል። ልጅቱ ስልኳን እያየች ሁለቴ፣ «አላለቀም እንዴ፣ እማማ?» አለች። «ሊያልቅ ነው» አለች እትዬ ሜትር ሁለቴ።

ሁሉም ነገር ያልቃል፣ አለቀ። ልጅቱ ተነሥታ መጋረጃውን ሰቀለችና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበችው።

«ጎበዝ፣ እማማ! ይኼዋ፣ ምንም አያስገባም።»

እውነትም ምንም አላስገባም። እትዬ ሜትር ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ አጠገቧ ያስቀመጠቻትን መርፌ በዳሰሳ ትፈልግ ጀመር።